ደብዳቤ ለልጄ፦ ጻፊ፣ ግን ምግብ አትዝለዪ

ልጄ፣

ወንድምሽ ትናንት ማታ ደወለ። ሲደውል ስለ ራሱ አውርቶ እንደማይጠግብ ታውቂያለሽ። በዚህ ጊዜ ግን ስለ ራሱ አንድም ነገር አላነሳም። የደነገጥኩት ያኔ ነው። ደረጃ ስትወጪ ዞሮብሽ ግድግዳ ይዘሽ እንደቆምሽ ነገረኝ። ቀኑን ሙሉ ሳትበዪ ትውያለሽ አለ። ማታ ሁሉም ሲተኛ ማዕድ ቤት ገብተሽ ቆመሽ ትበያለሽ፣ ከዚያ ደብተርሽን አውጥተሽ በቀይ እስክሪብቶ ትጽፊያለሽ አለኝ። አትቆጪው። እኔ ነኝ አውጣጥቼ ያናገርኩት።

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር፦ ምግብ አትዝለዪ። ሌላውን ቀስ ብለን እናወራለን። ይህን ደብዳቤ ቁርስ ሳትበዪ እያነበብሽ ከሆነ እዚያው አስቀምጪውና ሂጂ ብዪ። ሁለት እንቁላል፣ ዳቦ፣ አንድ ሙዝ። ከዚያ ትቀጥያለሽ።

በላሽ? እሺ።

የምትበይውን መጻፍሽን አልቃወምም። እንዲያውም ሳትነግሪኝ መጀመርሽ ነው እንጂ ያስቀየመኝ፣ ሐሳቡ ጥሩ ነው። ነርስ ሆኜ ስሠራ ስንቱን በሽተኛ ምን እንደሚበላ ጠይቄያለሁ። አብዛኛው የሚመልሰው መብላት ያለበትን እንጂ የበላውን አይደለም። ሆን ብሎ አይዋሽም፣ አያስታውስም። ወረቀት ላይ ሲሰፍር ነው ነገሩ የሚታየው። እ.ኤ.አ. በ2008 የታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት አለ። ወደ 1,700 የሚጠጉ ሰዎች የተሳተፉበት ነው። የበሉትን በየቀኑ የጻፉት፣ ምንም ካልጻፉት ጋር ሲነጻጸሩ ሁለት እጥፍ ያህል ክብደት ቀነሱ። ግን ልብ በዪ፣ እነዚያ ሰዎች በየሳምንቱ እየተገናኙ ይመካከሩ ነበር። አትክልትና ፍራፍሬ የበዛበት የአመጋገብ ዕቅድ ነበራቸው፣ እንቅስቃሴም ይሠሩ ነበር። ደብተር ይዘው በር ዘግተው አልተቀመጡም።

ባለፈው እሑድ ፎቶ አንስተሽ የላክሽልኝን ገጽ ዛሬ መነጽሬን አድርጌ በደንብ አየሁት። ጠዋት ቡና። ምሳ ፖም። አሥር ሰዓት ላይ ቡና። ከዚያ ማታ አራት ሰዓት፦ ዳቦ፣ የለውዝ ቅቤ፣ ብስኩት፣ እንደገና ዳቦ። ከሥሩ በቀይ ተሰምሮ «ደካማ» ይላል።

ሆዴ፣ ይህ ገጽ ላይ ደካማ ሰው አላየሁም። የተራበ ሰው ነው ያየሁት። በቡናና በአንድ ፖም የዋለች ልጅ ማታ ዳቦ ላይ ብትወድቅ ምን ይገርማል? ይህን ገጽ ለፈለግሽው ነርስ አሳዪ። ጣቷን የምታሳርፈው ምሳው ላይ ነው። ብስኩቱን ዞር ብላም አታየውም። ቀን የዘለልሽው ነው ማታ የመጣብሽ። ለዚህ ነው ምግብ አትዝለዪ የምልሽ፣ ጨቅጫቃ ስለሆንኩ አይደለም። ጨቅጫቃ መሆኔ ሌላ ጉዳይ ነው።

ስልክሽ ላይ የጫንሽው መተግበሪያ ደግሞ በቀን 1200 ካሎሪ ብሎ ወስኖልሻል አሉ። ማነው እሱ? ቁመትሽንና ክብደትሽን ጠየቀሽ እንበል። በልጅነትሽ ደም ማነስ እንደነበረብሽ ጠይቆሻል? ቀኑን ሙሉ ቆመሽ እንደምትሠሪ ያውቃል?

ተማሪ ሳለሁ ያነበብኩትና እስከ ዛሬ ያልረሳሁት አንድ ሙከራ አለ። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሊያበቃ ሲል፣ አንሴል ኪስ የሚባል ተመራማሪ በሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ 36 ጤነኛ ወጣት ወንዶችን በፈቃዳቸው አስርቦ አጥንቷል። በጦርነቱ የተራቡ ሰዎችን እንዴት መልሶ መመገብ እንደሚቻል ለማወቅ ነበር። ለ24 ሳምንታት የተሰጣቸው በቀን ወደ 1,570 ካሎሪ ገደማ ነው። አዎ፣ ካንቺ መተግበሪያ ይበልጣል። እርግጥ ወንዶች ናቸው፣ በሳምንት 35 ኪሎ ሜትር ያህል እንዲራመዱም ይደረግ ነበር፤ ካንቺ ጋር አንድ ናቸው አልልም። ግን የሆኑትን ስሚ። ይበርዳቸው ጀመር። ይነጫነጫሉ። ከሰው ይሸሻሉ። ሐሳባቸው፣ ሕልማቸው ሁሉ ምግብ ሆነ። ምግብ ማብሰል ትዝ ብሏቸው የማያውቁ ወንዶች የምግብ አሠራር መጻሕፍት ይሰበስቡ ነበር። ሲፈቀድላቸው ደግሞ በልተው አልጠግብ ያሉ ነበሩ። እነዚህ ሰዎች ደካሞች ስለነበሩ ነው? ጠንካሮች ናቸው ተብለው የተመረጡ ናቸው እኮ።

የመታጠቢያ ቤቱን ሚዛን ዛሬውኑ ለወንድምሽ ስጪው። የእሱ ነው። የወጥ ቤቷንም ትንሿን ሚዛን ጨምሪለት። ኬክ ስትጋግሪ ትወስጃታለሽ።

አሁን ስለ አባትሽ ልንገርሽ። አንቺ ገና ልጅ ነበርሽ፣ ሁሉንም አታስታውሺም። ደም ግፊቱ የጀመረው ሰሞን ሐኪሙ የሚበላውን ለአንድ ወር እንዲጽፍ አዘዘው። ደብተር ገዛ። ማቀዝቀዣው ላይ አስቀመጠው። ወሩን ሙሉ እዚያው ተቀመጠ። የቀጠሮው ዋዜማ ማታ መነጽሩን አድርጎ ጠረጴዛ ላይ ሰፈረና የወሩን ምግብ በአንድ እስክሪብቶ ይጽፍ ጀመር። «ባለፈው ሳምንት ሐሙስ ምን በላን?» ይለኛል። እኔ ምኑን አውቄ! ሩዝ፣ ትንሽ። ዳቦ፣ ትንሽ። ሥጋ፣ በጣም ትንሽ። ጨው፣ የለም። በማግስቱ ሐኪሙ ገጾቹን ገለጥ ገለጥ አደረገና «ጋሼ፣ በዚህ ወር ውስጥ አንድ ቀንም ውሃ አልጠጡም?» አለው። ውሃውን መጻፍ ረስቶት ነዋ! ወደ ቤት ስንመለስ መንገዱን ሙሉ ሳቅሁበት። እሱ ግን አኮረፈ።

በኋላ ሳነብ እንዲህ የሚያደርገው እሱ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2002 በብሪቲሽ ሜዲካል ጆርናል የወጣ ጥናት ላይ፣ ለሕመምተኞች ማስታወሻ ሰጥተው ደብተሩ መቼ እንደሚከፈት የሚመዘግብ መሣሪያ ደብቀውበት ነበር። በሽተኞቹ 90 በመቶውን በሰዓቱ ሞልተናል አሉ። መሣሪያው 11 በመቶ ብቻ ነው አለ። የእነሱ የምግብ ሳይሆን የሕመም ማስታወሻ ነበር፣ ግን ሰው ያው ሰው ነው።

ከዚያ የአባትሽን ደብተር እኔ ተረከብኩት። ከኋላው እየተከተልኩ የሚያጎርሰውን ሁሉ ጻፍኩ። «እኔ ጨው አልነካም» ይል የነበረው እውነቱን ነበር፣ የጨው ዕቃውን አይነካም። ግን ዳቦው ጨው አለበት። ቺዙ አለበት። የታሸገው ሾርባ አለበት። ቴሌቪዥን ሲያይ የሚበላው ለውዝማ ጨው በጨው ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአንድ አዋቂ በቀን ከ5 ግራም በታች ነው የሚለው፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ያህል። አባትሽ የጨው ዕቃውን ሳይነካ ያንን ያልፍ ነበር። ሐኪሙ ያላየውን፣ እሱም ያልጠረጠረውን ደብተሩ አወጣው። የታሸገውን ሾርባ ተወ። ለውዙ ግን ጉድ አደረገን። ጨው የሌለበት ስገዛለት «ይሄ የሞተ ለውዝ ነው» ይለኝ ነበር። አንቺ ጉልበቱ ላይ ቁጭ ብለሽ ከእጁ ትሰርቂው ነበር፣ እሱም ያላየ ይመስላል። ነፍሱን ይማረውና፣ አንድ ቀን ምሳ ዘሎ አያውቅም።

ይህን ሁሉ የምነግርሽ ደብተር የሚሠራው ምን እንደሆነ እንድታዪ ነው። የተደበቀውን ያሳያል። ቅጣት አይጻፍበትም። እናም ከቀጠልሽ በደንብ ያዢው።

እዚያው በላሽበት ጻፊ። ማታ ተቀምጦ ማስታወስ የአባትሽ ዘዴ ነው፣ ውጤቱን አይተሻል። ሰው ፊት ማውጣት ካሳፈረሽ ፎቶ አንሺና በኋላ ጻፊው። መጠኑን በማንኪያ፣ በኩባያ፣ በእፍኝ፣ በቁራሽ አስቀምጪ። በግራም መቁጠር ላንቺ አይሆንም። ዘይቱን እንዳትረሺ። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት 120 ካሎሪ ገደማ ነው፤ ሰው «ሰላጣ ብቻ ነው የበላሁት» ሲል የሚረሳው እሱን ነው። ይህን የምልሽ ዘይት እንድትፈሪ አይደለም፣ ሰውነትሽ ቅባት ይፈልጋል። የምትጠጪውንም ጻፊ። 330 ሚሊ ሊትር በምትይዝ አንድ ቆርቆሮ ኮላ ውስጥ 35 ግራም አካባቢ ስኳር አለ። በቀን 2000 ካሎሪ የሚበላ ሰው የሚጨመር ስኳሩ ከ50 ግራም በታች እንዲሆን ነው የሚመከረው። ቅዳሜና እሑድን አትዝለዪ። ምግብም አትዝለዪ፣ ደግሜ አልኩት።

ከምግቡ አጠገብ ደግሞ መራብሽን ጻፊ። ርቦሽ ነበር ወይስ ደብሮሽ? ብቻሽን ነበርሽ ወይስ ከሰው ጋር? ከካሎሪው ይልቅ ይህ ነው የሚጠቅምሽ።

ቀዩን እስክሪብቶ ጣዪው። ስድብ አይጻፍም። ለጓደኛሽ የማትዪውን ቃል ለራስሽ አትጻፊ። ዕለት ዕለት እየገለጥሽም አትመርምሪ፣ በሳምንት አንዴ ይበቃል። ስታዪው የበዛውን ብቻ አትፈልጊ፣ የጎደለውን እዪ። አትክልትና ፍራፍሬ በቀን ቢያንስ 400 ግራም ይባላል። ያንቺ ገጽ ላይ ያ አንድ ፖም ግማሹን መድረሱን እጠራጠራለሁ። ባቄላ የለም፣ ምስር የለም፣ እርጎ የለም፣ አንዲት ካሮት እንኳ የለችም። ስለዚህ ከዚህ ሳምንት ጀምሮ መቀነስ ይቅርና ጨምሪ። ምሳ ላይ እውነተኛ ምግብ። ማታ የሚሆነውን ታዪዋለሽ።

አሁን የምለውን ቆጣ ብዬ ነው የምለው። የወር አበባሽ ከቀረ፣ ሁልጊዜ የሚበርድሽ ከሆነ፣ ጸጉርሽ ከተነቀለ፣ ምግብ አለበት ብለሽ ግብዣ መቅረት ከጀመርሽ፣ ቀኑን ሙሉ የምታስቢው ስለ ምግብ ብቻ ከሆነ፣ ደብተሩን ዝጊው። በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ ሂጂ። «እናቴ ነርስ ናት፣ እሷን እጠይቃለሁ» እንዳትዪ። እኔ እናትሽ ነኝ፣ ሐኪምሽ አይደለሁም። ወንድምሽ ካሁኑ ሁለቱን አይቻለሁ ብሎኛል። የትኞቹን እንደሆነ አልነገረኝም፣ አንቺ ታውቂያለሽ።

የልደትሽ ቀን ሰው ተሰብስቦ ኬኩን ስትቆርሺ ለሁሉም አዳርሰሽ ላንቺ አልቀረም አሉ። ይሄ አስለቀሰኝ። ቆንጆ ነሽ አልልሽም፣ እናት ስለሆንኩ አታምኚኝም። ጠንካራ እንድትሆኚ እፈልጋለሁ። ደረጃ ወጥተሽ እንዳይዞርብሽ። ጤናማ መብላት ማለት ለእኔ እሱ ነው።

ሰኞ ጠዋት ሐኪም ቤት ሂጂ፣ ቀጠሮ ዛሬ ያዢ። ዞሮብሽ እንደነበር አትደብቂ። ሙሉ የደም ምርመራ ጠይቂ፣ የብረት ክምችትሽንም እንዲያዩልሽ። እርጉዝ ላልሆነች ሴት ሄሞግሎቢን፣ ማለትም ደም ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመው ነገር፣ በዴሲ ሊትር ከ12 ግራም በታች ከሆነ ደም ማነስ ይባላል፤ ያንቺ በፊት ስንት እንደነበረ ጽፌ አስቀምጬዋለሁ። ደብተሩንም ይዘሽ ሂጂ፣ ያንን እሑድ የላክሽልኝን ገጽ ራሱን አሳዪያቸው፣ እንዳታጸጂው። ከቤት ስትወጪ በልተሽ ውጪ፤ ባዶ ሆድ ያስፈልጋል ካሉሽ ብቻ ነው የማትበይው፣ ያኔም ዳቦና እንቁላል በቦርሳሽ ይዘሽ ደም እንደሰጠሽ እዚያው ብዪ። ውጤቱ እንደደረሰ ፎቶ አንስተሽ ላኪልኝ። ቁጥሩን ራሴ ማየት እፈልጋለሁ።

እናትሽ