ለወላጆችና ለአሳዳጊዎች፦ ልጆች ስለሚለምዱት ጣፋጭ

የተከበራችሁ ወላጆች፣

«ልጄ ጣፋጭ ከለመደ ሌላ ምግብ አይቀምስም» የሚለው ስጋት ከፊሉ ልክ ነው፤ ከፊሉ ግን መታረም አለበት።

ጣፋጭ መውደድ ከልምድ የሚመጣ አይደለም፤ ሕፃን ይዞት ይወለዳል። እ.ኤ.አ. በ2025 የወጣ ጥናት 180 ያህል ጎልማሶችን ከፋፍሎ ለ6 ወር ጥቂት፣ መካከለኛ ወይም ብዙ ጣፋጭ ምግብ እንዲበሉ አደረገ። በመጨረሻም የማንኛቸውም የጣፋጭ ፍላጎት አልተለወጠም። ይህ የአዋቂዎች ነገር ነው።

ልጆች ከልምድ የሚማሩት የትኛው ምግብ መጣፈጥ እንዳለበት ነው። እ.ኤ.አ. በ1990 በታተመ ሙከራ የ4 እና የ5 ዓመት ልጆች ቶፉ (ከአኩሪ አተር የሚሠራ ምግብ) ቀረበላቸው፤ ለአንዱ ቡድን በስኳር፣ ለሌላው በጨው፣ ለሦስተኛው ምንም ሳይጨመርበት። 15 ጊዜ ከቀመሱ በኋላ ሁሉም የለመዱትን መረጡ። ወተት ሁልጊዜ በስኳር የሚጠጣ ልጅ ስኳር የሌለውን ቢመልስ አይግረማችሁ።

ስለዚህ ወተት፣ እርጎና ገንፎ ላይ የምትጨምሩትን ስኳር ቀንሱ። ልማዱ 2 የሻይ ማንኪያ ከሆነ በየሳምንቱ ሩብ ማንኪያ አንሱ፤ በ8 ሳምንት ያልቃል። በአንድ ቀን ከቆመ ልጁ ያኮርፋል፣ ወላጅም ተሸንፎ ስኳሩን ይመልሳል። በማር መተካትም ዋጋ የለውም፤ ምላሱ የሚለምደው ያንኑ ጣፋጭ ወተት ነው።

በኮዳ የሚላከው ውሃ ብቻ ይሁን። 330 ሚሊ ሊትር ለስላሳ መጠጥ 35 ግራም ገደማ፣ ማለትም 9 የሻይ ማንኪያ ያህል ስኳር አለው። የዓለም ጤና ድርጅት የተጨመረ ስኳር፣ ማርና ጭማቂ ተደምረው ከዕለቱ ካሎሪ ከ10 በመቶ በታች እንዲሆኑ ይመክራል። በቀን 1,600 ካሎሪ ለሚበቃው ልጅ ይህ 40 ግራም ነው። አንዱ ጠርሙስ ቀኑን ሊጨርሰው ምን ቀረው?

«አትክልቱን ከጨረስክ ከረሜላ አለህ» አትበሉ። ከረሜላው ይከብራል፣ አትክልቱ ቅጣት ይመስላል። ዓይናቸው እያየ ቁም ሣጥን ላይ የተቆለፈ ብስኩትም ይበልጥ ያጓጓቸዋል፤ ባይገዛ ይሻላል። አዲስ አትክልት ሲሆን አንድ የሻይ ማንኪያ ያህል፣ ያለ ስኳርና ያለ ግፊት፣ በተለያዩ ቀናት ከ8 እስከ 15 ጊዜ አቅርቡ። ብዙ ቤት በሦስተኛው «አይወድም» ተብሎ ይተዋል።

በእኛም በኩል ከሰኞ ጀምሮ መምህራን ከረሜላ ለሽልማት አይሰጡም፤ በምትኩ ተለጣፊ ምስል ወይም እርሳስ ይሰጣሉ።

ከሰላምታ ጋር፣
የትምህርት ቤቱ ርዕሰ መምህር