ለደሴና ለአካባቢዋ ተማሪዎች የፊዚክስ ፍላሽ ካርድ እናሳትም፦ የድጋፍ ጥሪ

ውድ የደሴ፣ የኮምቦልቻና የአካባቢው ነዋሪዎች፣ ተወላጆችና ወዳጆች፦

ከ9ኛ እስከ 12ኛ ክፍል ላሉ ተማሪዎች የሚሆን የፊዚክስ መከለሻ ካርድ (ፍላሽ ካርድ)፣ ማለትም ፊቱ ላይ ጥያቄ፣ ጀርባው ላይ መልስ ያለበት ካርድ፣ አዘጋጅተን ጨርሰናል። የቀረን ማሳተም ነው። ለዚህም 270,000 ብር ያስፈልገናል። 42,000 ብሩን አዘጋጆቹ ከኪሳችን አዋጥተናል፤ የቀረውን 228,000 ብር ግን ብቻችንን አንችለውምና እጃችንን ወደ እናንተ ዘርግተናል። እኛ በከተማዋና በዙሪያዋ ፊዚክስ የምናስተምር መምህራንና እዚሁ ተምረን ዩኒቨርሲቲ የገባን ልጆች ነን። ሁላችንም የምንሠራው በነፃ ነው።

የ12ኛ ክፍል ፈተና ውጤት አገሩን ያስደነገጠው ገና ትናንት ነው። በ2014 ዓ.ም. ፈተናውን ከወሰዱት ተማሪዎች ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ 5.4 በመቶ። ምክንያቱ ብዙ ነው። ኮሮና ትምህርት አቋርጧል፤ በጦርነቱም ብዙ የወሎ ትምህርት ቤቶች ቤተ መጻሕፍታቸውንና ላብራቶሪያቸውን አጥተዋል። ይህን ሁሉ አንድ ካርቶን ካርድ አይጠግነውም። ሆኖም በየቀኑ ክፍል ውስጥ የምናየው፣ በትንሽ ገንዘብ ሊቃለል የሚችል አንድ ችግር አለ፤ ልጆቻችን ያነባሉ፣ የሚጠይቃቸው ግን የለም።

ጎበዝ የሚባለውን ተማሪ አስቡት። መጽሐፉን ያሰምራል፣ ሾርት ኖት ይገለብጣል፣ ፎርሙላውን ደብተሩ ጀርባ ላይ በቀይ እስክሪብቶ ይጽፋል፣ እስከ እኩለ ሌሊት ያነባል። ገጹ ተገልጦ እስካለ ድረስ ሁሉም ነገር የገባው ይመስለዋል። ፈተናው ላይ ግን የተገለጠ ገጽ የለም። ክፍሉ ጢም ብሎ የሞላ ነው፤ በ40 ደቂቃ ውስጥ መምህሩ ስንቱን ልጅ በስሙ ጠርቶ ይጠይቃል? አስጠኚ መቅጠር የሚችል ወላጅ ልጅ ቤቱ ይጠየቃል። የጉልት ነጋዴዋ ልጅስ?

የመጠየቅ ጥቅም በጥናትም የተረጋገጠ ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 ሮዲገርና ካርፒኪ የተባሉ ሁለት የአሜሪካ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች ተማሪዎችን ሁለት ጽሑፍ አስጠኑ። ተማሪዎቹ አንዱን ጽሑፍ ደግመው አነበቡት፤ ሌላውን ግን አንድ ጊዜ አንብበው ወረቀቱን ከድነው ያስታወሱትን ጻፉ። ከ5 ደቂቃ በኋላ ሲፈተኑ ደግመው ያነበቡትን ጽሑፍ የበለጠ አስታወሱ። ከአንድ ሳምንት በኋላ ግን ነገሩ ተገለበጠ፤ ራሳቸውን ከፈተኑበት ጽሑፍ 56 በመቶውን ሲያስታውሱ፣ ደግመው ካነበቡት 42 በመቶውን ብቻ አስታወሱ። ማታ የሸመደደው ልጅ ጠዋት “ችዬው ነበር እኮ!” የሚለው እውነቱን ነው። ችሎት ነበር፤ ግን አልቆየለትም።

“ፍላሽ ካርድ ለቃላት ነው፤ ፊዚክስ ስሌት አይደለም ወይ?” የሚለን ሰው አለ። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ የድካማችንም ትልቁ ክፍል እዚህ ላይ ነበር። ፊት ለፊቱ የፎርሙላ ስም፣ ጀርባው ላይ ፎርሙላው ብቻ ያለበት ካርድ ከሽምደዳ አያወጣም። ስለዚህ ካርዶቻችን የተለያየ ዓይነት ጥያቄ ይጠይቃሉ። አንዳንዱ ሙሉ ጥያቄ አቅርቦ “መጀመሪያ ምን ታደርጋለህ?” ይላል እንጂ መልሱን እስከ መጨረሻ አስላ አይልም። አንዳንዱ ግራፍ አሳይቶ ከመስመሩ በታች ያለው ስፋት ምን እንደሚነግረን ይጠይቃል። በሰዓት 72 ኪሎ ሜትር በሰከንድ ስንት ሜትር ነው የሚሉ አጫጭሮችም አሉ፤ መልሱ 20 ነው። ፈተናው በእንግሊዝኛ ስለሆነ ጥያቄው በእንግሊዝኛ፣ ማብራሪያው ከጀርባ በአማርኛ ነው። አንድ ጥያቄ “ስታርትስ ፍሮም ሬስት” ብሎ ሲጀምር የመነሻ ፍጥነቱ ዜሮ መሆኑን እየነገረው እንደሆነ ያላወቀ ልጅ፣ ፊዚክሱን እያወቀ ጥያቄው ያመልጠዋል።

ባለፈው ሴሚስተር በእጃችን የጻፍናቸውን ካርዶች ከ11ኛ ክፍል ልጆች ጋር ሞክረናቸዋል። አንዱ ካርድ እንዲህ ይላል፦ “ኳስ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ተወረወረ። የመጨረሻው ጫፍ ላይ ሲደርስ አክስለሬሽኑ (ፍጥነቱ የሚለወጥበት መጠን) ስንት ነው?” አንዲት ተማሪ ሳታመነታ “ዜሮ!” አለች፤ አብረዋት የተቀመጡትም ተስማሙ። ካርዱን ስትገለብጠው መልሱ 9.8 ነው፣ ወደ ታች። “ቆሞ የለም እንዴ?” ብላ ተከራከረች። ከጎኗ ያለው ልጅ ትንሽ አሰበና “አክስለሬሽን ከሌለው እዚያው ተንጠልጥሎ ይቀር ነበራ” አላት። ከዚያ በኋላ ክርክሩን መምህር አላስነሳውም፣ መምህርም አላቆመውም። ዜሮ የሆነው ፍጥነቱ እንጂ የመሬት ስበት እንዳልሆነ እርስ በርስ ተነጋግረው ደረሱበት። ይህ ስህተት በየዓመቱ በፈተና ወረቀት ላይ የምናርመው ነው። በፈተና ላይ ነጥብ ከሚያሳጣቸው፣ ቅዳሜ ከሰዓት ከጓደኞቻቸው ጋር ቁጭ ብለው ቢሳሳቱት ይሻላል።

ሌላው የተጠነቀቅንበት ነገር ምሳሌዎቹ ከአካባቢያችን እንዲሆኑ ነው። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,500 ሜትር ላይ ስላለች ውሃ እዚህ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። አንዱ ካርድ “ባቄላ ከኮምቦልቻ ይልቅ ደሴ ላይ ለምን ለመብሰል ይዘገያል?” ብሎ ስለ አየር ግፊት ይጠይቃል። ቀጣዩ ካርድ በደሴና በኮምቦልቻ መካከል ወዳለው ቁልቁለት፣ ወደ ሐረጎ ይወስደናል። ከነጭነቱ 20 ቶን የሚመዝን መኪና ከደሴ ኮምቦልቻ ሲወርድ በከፍታ 600 ሜትር ያህል ዝቅ ይላል፤ የሚያጣው ፖቴንሻል ኢነርጂ (ከፍታው የሰጠው ጉልበት) 120 ሚሊዮን ጁል ገደማ ነው። የት ገባ? ሾፌሩ በፍሬን ብቻ ልያዝ ቢል ይህ ሁሉ ፍሬኑ ላይ ሙቀት ሆኖ ይወጣል። ኢነርጂው 400 ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ ለማፍላት ይበቃል። ልምድ ያለው ሾፌር ማርሹን ቀንሶ በሞተሩ እየያዘ የሚወርደው ለዚህ ነው። አባቱ የጭነት መኪና ሾፌር የሆነ አንድ ተማሪ ይህን ካርድ ቤቱ ወስዶ አባቱን ጠይቆት መጣ፤ አባትየው ስሌቱን ባያውቅም መልሱን ግን ከመንገዱ ያውቀው ነበር።

ካርዶቹ የሚቀመጡት ሦስት ክፍል ባለው ሣጥን ውስጥ ነው። ይህን ዘዴ እ.ኤ.አ. በ1972 ያስተዋወቀው ሴባስቲያን ላይትነር የተባለ ጋዜጠኛ ነው። እሱ የክፍሎቹን ብዛት አምስት አድርጎት ነበር፤ እኛ ልጆቹ ሳይሰለቹ እንዲይዙት ወደ ሦስት አውርደነዋል። በመጀመሪያው ክፍል ያለው ካርድ በየቀኑ፣ በሁለተኛው ያለው በየሦስት ቀኑ፣ በሦስተኛው ያለው በየሳምንቱ ይጠየቃል። የተመለሰ ካርድ አንድ ክፍል ወደፊት ይሄዳል፤ የተሳተ ካርድ የትም ደርሶ ቢሆን ወደ መጀመሪያው ይመለሳል። በዚህ መንገድ ተማሪው ጊዜውን የሚያጠፋው በማያውቀው ላይ ይሆናል። ደጋግሞ የሚያነብ ልጅ ግን ብዙ ጊዜ የሚመለሰው ወደሚወደውና ወደሚያውቀው ምዕራፍ ነው።

“በስልክ አይሻልም ወይ?” ለሚሉን፦ ስልክ ላለው ልጅ ጥሩ ነው። አንኪ የሚባለው መተግበሪያ ለአንድሮይድ በነፃ ይገኛል፤ ካርዶቻችንን በእሱ ላይ የሚጫን ፋይል አድርገን ለፈለገ ሁሉ በነፃ እንሰጣለን። ነገር ግን ብዙዎቹ ተማሪዎቻችን የራሳቸው ስልክ የላቸውም፤ ያላቸውም ዳታና ቻርጅ ይቸግራቸዋል፤ ስልክ በእጁ የያዘ ልጅ ደግሞ ካርዱን ትቶ ቲክቶክ ላይ እንደሚቀር ወላጅ ሁሉ ያውቃል። የወረቀቱ ካርድ መብራት ቢጠፋ በሻማ ይነበባል፤ ከታላቅ እህት ወደ ታናሽ ወንድምም ይተላለፋል።

ወደ ሒሳቡ ልግባ። ለእያንዳንዱ ክፍል 150 ካርድ አለ፤ በአራቱ ክፍሎች 600 ካርድ ማለት ነው። በጠንካራ ወረቀት ፊትና ጀርባ ታትሞ፣ ተቆርጦ፣ ከነሣጥኑ አንዱ የ150 ካርድ ጥቅል 300 ብር እንደሚፈጅ ከማተሚያ ቤት ያገኘነው ፕሮፎርማ ያሳያል። ለስምንት ትምህርት ቤቶች በድምሩ 800 ሣጥን ማድረስ እንፈልጋለን፤ ይህ 240,000 ብር ነው። 18,000 ብር ለትራንስፖርት፣ 12,000 ብር ደግሞ የጠፉና የተቀደዱ ካርዶችን መልሶ ለማተም ይዘናል። አንዱን ሣጥን አራት ተማሪዎች ይጋሩታል። ሣጥኖቹ የቤተ መጻሕፍት ንብረት ሆነው እንደ መጽሐፍ ተፈርሞባቸው ይወጣሉ፣ ዓመቱ ሲያልቅም ይመለሳሉ። ስለዚህ በአንድ ዓመት ለ3,200 ተማሪዎች ይደርሳሉ፤ በቀጣዩም ዓመት ለሌሎች 3,200።

300 ብር የሰጠ ሰው አንድ ሣጥን ገዛ ማለት ነው። 1,200 ብር ከ9ኛ እስከ 12ኛ ሙሉውን ስብስብ ይገዛል። ከ300 ብር በታችም ቢሆን የማንንም ስጦታ በአክብሮት እንቀበላለን፤ ሃምሳ ብር እንኳ 25 ካርድ ያሳትማል። ዕድሮችና የአንድ ዘመን ተማሪዎች ማኅበራት ተሰባስባችሁ የአንድ ትምህርት ቤት ሣጥኖችን ሙሉ በሙሉ ብትይዙልን ደግሞ ሥራው በእጅጉ ይቀልልናል፤ የአንድ ትምህርት ቤት ድርሻ 100 ሣጥን፣ 30,000 ብር ነው። በአረብ አገራት፣ በአሜሪካና በአውሮፓ ያላችሁ የወሎ ልጆች፣ ብዙዎቻችሁ ለቤተሰብ የምትልኩት እንኳ እንደማይተርፋችሁ እናውቃለን። አቅሙ ላላችሁ ግን የተማራችሁበትን ትምህርት ቤት መርጣችሁ ድርሻው ለእሱ እንዲሆን ማድረግ ትችላላችሁ።

ገንዘቡ የሚገባው ለዚሁ ሥራ ወደተከፈተ፣ ሦስት ሰዎች አብረው ካልፈረሙ ወጪ ወደማይደረግበት የባንክ ሒሳብ ነው። የሒሳብ ቁጥሩ በስምንቱም ትምህርት ቤቶች የማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ማኅተም ተደርጎበት ተለጥፏል። ራቅ ብላችሁ ያላችሁ፣ በትምህርት ቤቱ አካባቢ ያለ ዘመድ ሰሌዳውን ፎቶ አንስቶ እንዲልክላችሁ ጠይቁ። በዚህ ሥራ ስም በግል ሒሳብ ወይም በግል ስልክ ብር ላኩ የሚላችሁ ቢኖር እኛ አይደለንምና አትላኩ። የገባውና የወጣው በየወሩ መጨረሻ ከነደረሰኙ በዚያው ሰሌዳ ላይ ይለጠፋል። ከታሰበው በላይ ቢሰበሰብ ትርፉ ለኬሚስትሪ ካርዶች ይውላል፤ ዝግጅቱ ተጀምሯል።

ገንዘብ ብቻ አይደለም የምንለምነው። ወረቀት መቁረጫ ያላችሁ ማተሚያ ቤቶች የቆረጣውን ዋጋ ብትተዉልን ከእያንዳንዱ ሣጥን ላይ ይቀንሳል። የፊዚክስ መምህራን፣ ካርዶቹ ከመታተማቸው በፊት ሌላ ዓይን እንዲያያቸው እንፈልጋለን፤ በተለይ የ12ኛ ክፍል የኤሌክትሮማግኔቲዝም ካርዶች ገና ሁለት ሰው ብቻ ነው ያያቸው። አፋን ኦሮሞ አጥርቶ የሚጽፍ መምህር ብናገኝ ደግሞ የጀርባው ማብራሪያ ለከሚሴ ልጆች እንዲሆን ማዘጋጀት እንጀምራለን።

ሣጥኖቹ መስከረም ላይ ትምህርት ሲጀመር በተማሪው እጅ እንዲገቡ፣ ማተሚያ ቤቱ ሙሉ ክፍያውን እስከ ነሐሴ 15 ይፈልጋል። ከመስጠታችሁ በፊት ካርዶቹን አይታችሁ መወሰን የምትፈልጉ ከስምንቱ ትምህርት ቤቶች ወደ አንዱ ጎራ በሉና የፊዚክስ ዲፓርትመንቱን ጠይቁ። በእያንዳንዳቸው አንድ አንድ የናሙና ሣጥን አስቀምጠናል፤ ልጆቻችሁንም ይዛችሁ ኑ።