ለእናትየዋም አልጋ እንዘርጋ

ልጄ የተወለደችው በ30ኛው ሳምንት ነው። ክብደቷ 1 ኪሎ ከ200 ግራም፤ ዳይፐሯ እስከ ብብቷ ይደርስ ነበር። በአራተኛው ቀን እኔን «ደህና ነሽ፣ ወደ ቤትሽ መሄድ ትችያለሽ» አሉኝ። እሷ ማሞቂያ ክፍል ቀረች። ቤታችን ሩቅ ነው፤ ሠላሳ ስምንት ሌሊት ኮሪደር ላይ ነጠላ አንጥፌ አደርኩ።

ብቻዬን አልነበርኩም። እንዲህ ያለ ጨቅላ መጥባቱን፣ መዋጡንና መተንፈሱን ገና ስለማያቀናጅ የሚመገበው በቱቦ ነው። እናት በየሦስት ሰዓቱ፣ ሌሊትም ጭምር፣ ጡቷን አልባ ታደርሳለች። ወሬያችን ሁሉ በግራም ነበር። «የእኔ ሃያ ጨመረ»፣ «የእኔ ዛሬ ቀነሰ»። የቀነሰባት እናት ቀኑን ሙሉ እህል አትቀምስም።

ደግሞም የእናት ደረት ራሱ መድኃኒት ነው። እ.ኤ.አ. በ1978 ቦጎታ የተጀመረውን፣ ሕፃኑን ገላ ለገላ ደረት ላይ አስሮ የማቆየት የካንጋሮ እንክብካቤ፣ የዓለም ጤና ድርጅት በ2022 ከውልደት ጀምሮ ወዲያው እንዲሰጥ መክሯል። ማደሪያ የሌላት እናት ይህን እንዴት ትችለዋለች?

ስለ ሕፃኑ ሁሉም ይጠይቃል። እኔን ግን «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ያለኝ፣ ገንፎ ያቀመሰኝ ሰው አልነበረም፤ ዘመድ ምን እንደሚል ግራ ገብቶት ራቀ። ቤት ከገባን በኋላም ለወራት ስልክ በጮኸ ቁጥር የማሽኑ ድምፅ እየመሰለኝ እደነግጥ፣ ትንፋሿን ሳዳምጥ አነጋ ነበር። ይህ ሕመም እንደሆነ፣ ሕክምናም እንዳለው የሰማሁት ዘግይቼ ነው። ባለቤቴማ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለአባት የተፈቀደለት ሦስት ቀን ብቻ ስለሆነ፣ በአራተኛው ቀን ሥራ ገባ። ሲያለቅስ ያየሁት በሰማንያ ቀኗ ክርስትና ስትነሣ ነው።

እዚያ ኮሪደር የተዋወቅን ወላጆች ከሆስፒታሉ አጠገብ ስምንት አልጋ የሚይዝ ቤት ተከራይተናል። የሦስት ወር ኪራዩን ከኪሳችን ከፍለናል። የቀረን ፍራሽ፣ ጋቢ፣ የታለበ ወተት የምናስቀምጥበት ማቀዝቀዣ፣ አጃና ሽሮ ነው። ከሁሉ በላይ ግን በሳምንት ሁለት ቀን እናቶችንም አባቶችንም የሚያነጋግር የሥነ ልቦና ባለሙያ ክፍያ ያስፈልገናል፤ ይህን እንደ ትርፍ ነገር አትዩብን። ውጭ አገር ያላችሁ ስትመጡ የእጅ ጡት ማለቢያ ሻንጣችሁ ውስጥ ጣል አድርጉልን። የሰፈራችን እድሮች ድስትና ወንበር ብታውሱን ይበቃናል።

ቤቱን ኅዳር 8፣ ያለጊዜያቸው የሚወለዱ ሕፃናት በሚታሰቡበት ቀን፣ ለመክፈት አስበናል። ፍራሹ ግን ቀድሞ ይድረሰን፤ ትናንት ሄጄ ሳይ ሁለት እናቶች ወለል ላይ ተኝተው ነበር።