ከ«ያርማል፣ ያስተምራል» በፊት

ውድ ሰሎሞን፣

ለጤናህ እንደምን ከርመሃል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ከተጻጻፍን ብዙ ጊዜ ሆነን፤ ወቀሳውን በአካል ስንገናኝ ታወርድብኛለህ። በወንጀል ችሎት መሾምህን ሰምቼ እንኳን ደስ አለህ ልልህ ነበር የተነሳሁት። ግን ምርቃት ብቻ ብልክልህ እንደምትሰለች ስለማውቅ፣ ስለ ቅጣት አወሳሰን የማስበውን ጨምሬልሃለሁ።

የአብዛኛው የቅጣት ውሳኔ መዝጊያ አንድ ነው፤ «ተከሳሹን ያርማል፣ ሌላውንም ያስተምራል ተብሎ ስለታመነበት በዚህን ያህል ዓመት ጽኑ እስራት ይቀጣ»። እስቲ የዓመቱን ቁጥር በጣትህ ሸፍነህ አንብበው። 2 ቢሆን ያስኬዳል፤ 12 ቢሆንም ያስኬዳል። ታዲያ ይሄ ለቁጥሩ ምክንያት ነው ትላለህ?

ጥፋቱ የዳኞች ብቻ አይደለም። ሕጎቹ ራሳቸው ዓላማዎቹን ይደረድሩና ሲጋጩ የቱ ይቅደም የሚለውን ለዳኛው ይተዉለታል። የእኛው የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ አንቀጽ 1 ማስጠንቀቅን፣ ለሌላው መማሪያ ማድረግን፣ ማረምንና ተጨማሪ ወንጀል መከላከልን በአንድ ትንፋሽ ይጠራቸዋል። የእንግሊዝ የ2020 ሕግ (ከዚህ ወዲያ ያሉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) አምስት ይዘረዝራል፤ መቅጣት፣ ወንጀልን መቀነስ፣ ማረም፣ ሕዝብን መጠበቅና ተበዳይን መካስ። በወረቀት ላይ ሁሉም ተስማምተው ይቀመጣሉ። አንድ የ19 ዓመት ልጅ ከጓደኞቹ ጋር ሆኖ ሰው ደብድቦ ዘርፏል እንበል። የበደሉ ክብደት አምስት ዓመት ገደማ ይላል። ልጁ ትምህርቱን ሳይጨርስ ቢወጣ ይሻለዋል የሚለው ሐሳብ ሁለት ይላል። ዘረፋ በዝቷልና ማስተማሪያ ይሁን የሚለው ደግሞ ዘጠኝ። ደምረህ ለሦስት ብታካፍለው ፍርድ አይሆንም።

እኔን የሚያሳምነኝ የወንጀል ሕግ ምሁሩ ኖርቫል ሞሪስ የሄደበት መንገድ ነው። የበደሉ መጠን ጣሪያና ወለል ያበጃል፤ ሌሎቹ ዓላማዎች የሚንቀሳቀሱት በሁለቱ መካከል ብቻ ነው። ስለዚህ ለዚያ ልጅ መጀመሪያ ሌላውን ሁሉ ወደ ጎን ትተህ ጉዳቱንና የጥፋተኝነቱን ደረጃ ትመዝናለህ፤ ተበዳዩ ምን ደረሰበት፣ ታቅዶበት ነበር ወይስ ድንገት የተደረገ ነው፣ ልጁ መሪ ነበር ወይስ ተከታይ። ከዚህ ከአራት እስከ ስድስት ዓመት ወጣ እንበል። ማረሙና ማስተማሩ ከዚያ በኋላ ይግባ፤ ሁለቱም ግን ከስድስት ሊያስወጡህ አይችሉም። የእኛው ሕግ አንቀጽ 88 ቅጣቱ በወንጀለኛው የግል ጥፋተኝነት ደረጃ ይወሰን ማለቱም ለዚህ አካሄድ ጥሩ መሠረት ነው።

ጣሪያውን የምወስደው ከጀርመናዊው ፈላስፋ ከካንት ነው፤ ሰው ለሌሎች ጥቅም መሣሪያ ብቻ ተደርጎ አይቀጣም ይላል። ወለሉን በተመለከተ ግን አልከተለውም። ደሴት ላይ የሚኖር ሕዝብ ተስማምቶ ሊበተን ቢል እንኳ፣ እስር ቤት የቀረውን የመጨረሻውን ነፍሰ ገዳይ ሳይገድል አይሂድ ያለ ሰው ነው። እዚያ ላይ እንግሊዛዊው ፈላስፋ ቤንታም ይሻለኛል፤ ቅጣት በራሱ ክፉ ነገር ነው፣ ከእሱ የሚበልጥ ክፋት ካላስቀረ አይገባም ባይ ነው። ስለዚህ ጣሪያውን ካገኘህ በኋላ «ለምን ከዚህ አላንስም?» ብለህ ጠይቅ።

ሌላውን ማስተማር የሚሉት ነገር ላይ ጠንቀቅ በል። ጣሊያናዊው የሕግ አሳቢ ቤካርያ በ1764 እንደጻፈው ወንጀልን የሚያስቆመው የቅጣቱ ጭካኔ ሳይሆን አይቀሬነቱ ነው። ዘራፊ ከመዝረፉ በፊት የሕግ መጽሐፍ አያገላብጥም፤ የሚያሰላው ነገር ካለ መያዝ አለመያዙን ነው። የመያዙ ዕድል ደግሞ ያለው በፖሊስ እጅ ነው፤ በአንተ እጅ ያለው የቅጣቱ ክብደት ብቻ ነው። ከአምስት ወደ ስምንት ዓመት ብታሳድገው፣ በዚያች ምሽት ለመዝረፍ የሚያስበው ሌላው ልጅ ልዩነቱን አያውቀውም። አንድ ቦታ ላይ ግን የክብደት ልዩነት በእርግጥ ይሠራል። ለዝርፊያና ለግድያ እኩል ብትቀጣ፣ ዘራፊው ነገ የሚመሰክርበትን ሰው በሕይወት የሚተውበት ምክንያት ያጣል።

ከኅብረተሰቡ መለየት የሚባለው ዓላማ ጣሪያ ካልተበጀለት የት እንደሚደርስ ካሊፎርኒያ አሳይታለች። በ1994 በወጣው የ«ሦስተኛ ጥፋት» ሕጓ መሠረት ቀድሞ በከባድ ወንጀሎች የተፈረደበት አንድ ሰው ሦስት የጎልፍ ዱላ ሰርቆ ከ25 ዓመት እስከ ዕድሜ ልክ ተፈረደበት። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም በ2003 በ5 ለ4 ድምፅ አጸናው። ሕጉን በ2012 ያላላው የመራጩ ሕዝብ ድምፅ ነው። ሌላም ጉድለት አለው። አብዛኛው ሰው ዕድሜው ሲገፋ ወንጀሉን ይተዋል፤ ስለዚህ የረጅም እስር የመጨረሻዎቹ ዓመታት ብዙ ወጪ የሚወጣባቸው፣ ትንሽ ወንጀል የሚከለክሉ ናቸው።

«ማረሚያ ቤት ሄዶ ሙያ ይማራል» ብለህ ዓመት አትጨምር። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2011 የፌዴራል ዳኞች ለማረም ሲሉ እስራት እንዳያስረዝሙ ከልክሏል። ማረም የቅጣቱን ዓይነትና አፈጻጸም ለመምረጥ ይጠቅማል፤ ለማርዘም ግን ምክንያት አይሁን።

በሥራ ላይ ብዙ ጊዜ የሚበላሸው አንዱን ነገር ሁለቴ መቁጠር ነው። በሥልጣን ያላግባብ መገልገል ወንጀል የተከሰሰውን «ሥልጣኑን መከታ አድርጎ ስለፈጸመው» ብለህ ብታከብድበት፣ ሥልጣኑ ወንጀሉን ሲያቋቁም አንዴ ተቆጥሮ አልቋል። ከዚህ የማይተናነሰው ስህተት የማቅለያን አለመኖር ማክበጃ ማድረግ ነው። ያመነ ሰው ቢቀነስለት ደግ ነው፤ እንግሊዞች ገና ከጅምሩ ላመነ አንድ ሦስተኛ ይቀንሳሉ፣ በክርክሩ ቀን ላመነ አንድ አሥረኛ ብቻ። ክዶ የተከራከረውን ግን የሚገባውን ብቻ ስጠው፤ መብቱን ተጠቀመ ብለህ አንዲት ወር አትጨምርበት።

የገንዘብ መቀጮ ላይ የጀርመኖቹን ስሌት ብታይ ደስ ይልሃል። ዳኛው በመጀመሪያ ጥፋቱን ብቻ አይቶ የቀን ብዛት ይቆርጣል፤ በመደበኛው ከ5 እስከ 360። የአንዱን ቀን ዋጋ ለብቻው የሚያወጣው ከተጣራ የወር ገቢ ላይ ለ30 አካፍሎ ነው። ሁለት ሰዎች ለተመሳሳይ ስርቆት 60 ቀን ተቆረጠባቸው እንበል። በወር 1,500 ዩሮ የሚያገኘው በቀን 50 ሆኖ 3,000 ይከፍላል፤ 9,000 የሚያገኘው በቀን 300 ሆኖ 18,000። ካልከፈሉ ከ2024 ወዲህ ሁለት የመቀጮ ቀናት በአንድ የእስር ቀን ስለሚለወጡ ሁለቱም 30 ቀን ይታሰራሉ። የጥፋቱ መጠንና የኪሱ መጠን ስላልተደባለቁ ይግባኝ ሰሚው የቱ ላይ እንደተሳሳትክ ወዲያው ያየዋል። የእስራት ውሳኔም እንዲህ ተለያይቶ ቢጻፍ ምን ነበረበት! በደሉ ከዚህ እስከዚህ ያስቀጣል፤ በመካከሉ ይህን ነጥብ የመረጥኩት በዚህ ዓላማ ነው፤ ከዚህ ያነሰው ያልበቃው በዚህ ምክንያት ነው። አንድ ገጽ እንኳ አይፈጅም።

ቅጣትን በገደብ ማቆየትን ሆን ብዬ ዘልዬዋለሁ፤ ራሱን የቻለ ደብዳቤ ይፈልጋል። የመጀመሪያዎቹን ውሳኔዎችህን ስትጽፍ ስሞቹን ሰርዘህ ብትልክልኝ እንደ ድሮው እንከራከርባቸዋለን። ለባለቤትህና ለልጆቹ ሰላምታዬን አድርስልኝ።

ወዳጅህ
ዳንኤል