ለአሜሪካ ግብርና ሚኒስቴር፦ ስለ ቴነሲ ሰጋር ፈረሶች እግር

ይድረስ ለአሜሪካ ግብርና ሚኒስትር ጽሕፈት ቤት፣
በሥሩም ላለው የእንስሳትና ዕፅዋት ጤና ቁጥጥር አገልግሎት፣

ክቡራን፣

የምጽፍላችሁ ከናሽቪል፣ ቴነሲ ነው። ሥራዬ ሹፍርና ነው። ፈረስ አርቢ አይደለሁም፣ የእንስሳት መብት ማህበር ውስጥም የለሁበትም። ይህንኑ ደብዳቤ በእንግሊዝኛ አስተርጉሜ በፖስታ ልኬላችኋለሁ። በአማርኛ ያወጣሁት የአገሬ ልጆችም እንዲያነቡት ብዬ ነው። ናሽቪል ውስጥ ብዙ ነን። ግብር እንከፍላለን። ከቤታችን የአንድ ሰዓት መንገድ ላይ የሚሆነውን ግን አብዛኞቻችን አናውቅም።

ጉዳዬ ቴነሲ ዎኪንግ ሆርስ የሚባለው ፈረስ ነው።

አያቴ ጎጃም ውስጥ ሰጋር በቅሎ ነበረችው። ሰጋር ምን እንደሆነ ለአማርኛ አንባቢ አልነግረውም፤ ለእናንተ ግን ላስረዳ። ሶምሶማ የምትሄድ በቅሎ ወገብ ትቆርጣለች። ሰጋር ስትሆን ግን የተቀመጠባትን አታነጥረውም። አያቴ «ዋንጫ ጠላ ይዘህ ብትቀመጥባት ጠብ አይልም» ይል ነበር። ትንሽ ሳያጋንን አይቀርም። ቢሆንም ሠርግም ሆነ ለቅሶ በሄደ ቁጥር ከሰውየው ይልቅ በቅሎዋ ነበር የምትወራው።

እዚህ መጥቼ የዎኪንግ ሆርስን አረማመድ ያየሁ ቀን «እንዴ! ይኼማ ሰጋር ነው!» አልኩ። የኋላ እግሩ የፊተኛው የረገጠበትን ዱካ አልፎ ያርፋል። አራቱ ኮቴዎች አንድ በአንድ ነው መሬት የሚነኩት። በየእርምጃው ራሱን ከፍ ዝቅ ያደርጋል፣ እሺ እሺ እንደሚል ሰው። የመካከለኛው ቴነሲ ገበሬ ቀኑን ሙሉ ማሳውን ሲዞር የሚመቸው ይኼ ነበር። በየመንደሩ በሽተኛ የሚጠይቀው የገጠር ሐኪምም ቢሆን ይኼንኑ ይመርጥ ነበር።

የዘሩ አባት ታሪክ ደግሞ ደስ ይላል። ብላክ አለን ይባላል፣ የ1886 ልጅ ነው። ያረቡት ለሶምሶማ ውድድር ነበር። እሱ ሶምሶማውን እምቢ ብሎ ሰገረ። ባለቤቶቹ ተስፋ ቆረጡበት፣ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። በ1903 ጄምስ ብራንትሊ የሚባል የቴነሲ ሰው ገዛው። በ1935 ሊዊስበርግ ላይ የአርቢዎቹ ማህበር ሲቋቋም፣ በዘር መዝገቡ ላይ ቁጥር አንድ ሆኖ የሰፈረው ይኸው ማንም ያልፈለገው ፈረስ ነው።

አሁን ወደ ሻምፒዮኖቹ ልምጣ። ነገሬ ያለው እዚያ ነው።

በ1939 የዘሩ ትልቁ ዓመታዊ ውድድር ሲጀመር የመጀመሪያው አሸናፊ ስትሮሊንግ ጂም ሆነ። ዳማ ነው፣ የተኮላሸ። ስሙ ከመጥራቱ በፊት የእርሻ ሥራ ላይ የነበረ ፈረስ ነው። የገራውም፣ ተቀምጦበት ያሸነፈውም ፍሎይድ ካሮዘርስ የተባለ ባልደራስ ነው። ፈረሱ በ1957 ሲሞት ዋርትሬስ የምትባል ትንሽ ከተማ ውስጥ፣ ከአንድ አሮጌ ሆቴል ጀርባ ቀበሩት። መቃብሩ ዛሬም አለ። እኛ አገር ጌታው በፈረሱ ስም ይጠራል፤ ቴዎድሮስን አባ ታጠቅ፣ ምኒልክን አባ ዳኘው እንላለን። ለፈረስ መቃብር የሚሠራ ሕዝብ ሳይ ታዲያ ባዕድ አልሆነብኝም።

ቀጥሎ ሄይንስ ፒኮክ በ1940 እና በ1941 አሸነፈ። ከዚያ ሚድናይት ሰን መጣ። እሱ ጉራቻ ነው፣ ድንጉላ። በ1945 እና በ1946 ዋንጫውን ወሰደ፤ ከድንጉላ ወገን የመጀመሪያው ነው። ዘሩ ዛሬ በብዙዎቹ ፈረሶች ውስጥ አለ። የኖረው ፍራንክሊን ከተማ፣ ሃርሊንስዴል በሚባለው እርሻ ነበር። ቦታው አሁን የከተማው መናፈሻ ሆኗል። እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ልጄን እዚያ እወስዳታለሁ። እሷ ትሮጣለች፣ እኔ የጋጣውን ነጭ አጥር ተደግፌ ቡናዬን እጠጣለሁ።

የነዚህን የመጀመሪያዎቹን ሻምፒዮኖች ፎቶ ፈልጋችሁ እግራቸውን ተመልከቱ። ዛሬ ከሰኮናው ሥር የሚታሰረው ዓይነት ወፍራም ታኮ የለም። ሰንሰለት ተጠምጥሞበት እግሩን እስከ ደረቱ የሚወረውር ፈረስ አታዩም።

ያ የመጣው በኋላ ነው። በ1950ዎቹ ዳኛውም ተመልካቹም ከፍ ያለ እርምጃ መውደድ ጀመረ። ከፍ ያለው ሪባን ወሰደ፤ ሪባን የወሰደው ዋጋው ናረ። ያን እርምጃ በስልጠና ለማምጣት ዓመታት ይፈጃል፣ ያውም ከመጣ። አቋራጩ ሕመም ሆነ። ከሰኮናው ከፍ ብሎ ያለውን ስስ ቆዳ በሰናፍጭ ዘይት፣ በላምባ፣ በናፍጣ ያሹታል። መድኃኒቱ እንዲሰርግ በፕላስቲክ ጠቅልለው ያሳድሩታል። በማግስቱ የተቃጠለው ቦታ ላይ ሰንሰለት ያስራሉ። ፈረሱ በረገጠ ቁጥር ሰንሰለቱ ቁስሉን ይመታዋል፤ እሱም እሳት እንደነካው ሰው እግሩን መንጭቆ ያነሳል። አዳራሹ ያጨበጭባል። «ቢግ ሊክ» ይሉታል ይኼን አረማመድ። ከሥሩ የሚታሰረው ወፍራም ታኮ ሌላ ጉድ አለው። በታኮውና በሰኮናው መሐል ጠንካራ ነገር ሸጉጠው የሚያስሩ አሉ። በጫማችሁ ውስጥ ጠጠር ይዛችሁ በቀን አሥር ሰዓት መቆም ማለት ነው።

ከጥቂት ዓመት በፊት አንድ ተሳፋሪ ወደ ገጠር ከተማ አድርሼ፣ ማታ የምመልሰው ስለነበር አብሬው ትርዒት ገባሁ። ትርዒቱ ትንሽ ነው፣ ቦታውንም ስሙንም አልጠቅስም። ፈረሶቹ ሲገቡ የኋላ እግራቸው ላይ ቁጭ ሊሉ የደረሱ መሰለኝ። የፊተኛውን ጭነት ሽሽት ነው። የአያቴ በቅሎ ስትሰግር ጆሮዋ ልቅ ነበር። የነዚህ ጆሮ ተለጥፏል። ተሳፋሪዬ ደግ ሽማግሌ ነበሩ፣ ፖፕኮርን ገዙልኝ። «እንዴት ነው፣ አማረህ?» አሉኝ። ምን ልበላቸው? የሰው እንግዳ ነኝ። «አዎ» አልኩ። ያቺ «አዎ» እስከ ዛሬ ትቆረቁረኛለች። ይህን የምጽፈውም በከፊል በእሷ የተነሳ ነው።

ይኼን የሚመለከት የፈረስ ጥበቃ ሕግ አለ፣ አውቃለሁ። የሜሪላንዱ ሴናተር ጆሴፍ ታይዲንግስ ታግለው አስወጡት፣ ፕሬዚዳንት ኒክሰን በ1970 ፈረሙበት። ግን ቀዳዳው ሰፊ ነው። እግሩን ያሳመሙትን ፈረስ ለትርዒት ማቅረብን፣ መሸጥን፣ ለትርዒት ማጓጓዝን ይከለክላል። ጋጣ ውስጥ እግሩን ማቃጠሉን ራሱን አይከለክልም። በ1976 ሲሻሻል ደግሞ የባሰ ነገር መጣ። ቁጥጥሩ በአብዛኛው ኢንዱስትሪው ራሱ ለሚቀጥራቸው መርማሪዎች ተሰጠ። መርማሪው በቅዳሜ ትርዒት የሚፈትሸው የጎረቤቱን ፈረስ ነው፣ ወይ የነገ ቀጣሪውን። ሥጋን ለጅብ አደራ ሰጥቶ ጠዋት አጥንት መቁጠር ይሏል ይኼ ነው። ይኼ የኔ ወሬ ብቻ አይደለም፤ የራሳችሁ ዋና ኢንስፔክተር መሥሪያ ቤት በ2010 ባወጣው ኦዲት ሥርዓቱ እንደማይሠራና የጥቅም ግጭት እንዳለበት ጽፏል።

ምርመራውን እንዴት እንደሚያልፉትም ታውቁታላችሁ። መርማሪው አውራ ጣቱን እግሩ ላይ ይጫናል፤ ፈረሱ ከሸሸ አመመው ማለት ነው። አንዳንዱ አሰልጣኝ ማደንዘዣ ይቀባል። ሌላው ቤቱ ውስጥ የውሸት ምርመራ ያደርጋል። ቁስሉን ይጫናል፣ ፈረሱ ከተንቀሳቀሰ ይደበድበዋል። ከጥቂት ቀን በኋላ ፈረሱ ይገባዋል። መንቀሳቀስ ከቁስሉ የባሰ ያስከፍላል። እውነተኛው መርማሪ ሲመጣ ሐውልት ሆኖ ይቆማል። ከሁሉም ይኼ ነው እንቅልፍ የነሳኝ። ለእንስሳ አፍ የለውም እንላለን። ይኼኛውን የነበረችውን አንዲት ቋንቋ ነው የሚቀሙት።

በ2006 መርማሪዎቻችሁ ጠበቅ ሲያደርጉ ትልቁ ዓመታዊ ውድድር በሚካሄድባት በሼልቢቪል ብዙ ፈረስ ምርመራውን ወደቀና የዓመቱ ዋና ሻምፒዮን ሳይሾም ቀረ። በ2012 በድብቅ የተቀረጸ ቪዲዮ በቴሌቪዥን ወጥቶ አገር ጉድ አለ። በዚያው ዓመት የአሜሪካ የእንስሳት ሐኪሞች ማህበርና የፈረስ ሐኪሞቹ ማህበር ታኮውም ሰንሰለቱም ይከልከል ብለው በጋራ ጠየቁ። የተወካዮች ምክር ቤት ቀዳዳውን የሚደፍን ረቂቅ በ2019ም በ2022ም በሰፊ ድምፅ አሳለፈ። ሴኔቱ ለድምፅ እንኳ አላቀረበውም።

እናንተ ግን በሜይ 2024 ደንብ አወጣችሁ። ደስ ብሎኝ ነበር። የኢንዱስትሪው መርማሪ ይሰናበታል፣ በቴነሲ ዎኪንግና ራኪንግ በሚባሉት ዘመዶቻቸው ፈረሶች ላይ ታኮና ሰንሰለት ይከለከላል ይላል። መጀመሪያ ሥራ ላይ እንዲውል ከተቆረጠለት ቀን አንድ ቀን ቀደም ብሎ፣ በጃንዋሪ 31 ቀን 2025፣ ቴክሳስ አማሪሎ ያለው የፌዴራል ፍርድ ቤት የደንቡን ዋና ዋና ክፍሎች ሻረ። ሕጉ የሚከለክለው ሕመም የሚያደርሰውን እንጂ ማንኛውንም ታኮና ሰንሰለት አይደለም፣ መሥሪያ ቤቱ ከሥልጣኑ አልፏል አለ። በፍርዱ ባልስማማም ፍርድ ነው። ያልገባኝ የቀረው ነው። ሥራ ላይ የሚውልበትን ቀን ከፌብሩዋሪ 1 ወደ ኤፕሪል 2 አዛወራችሁት። ከኤፕሪል 2 ደግሞ ወደ ፌብሩዋሪ 2026። እኛ አገር ቀበሌ የተመላለሰ ሰው ሁሉ «ነገ ተመለሱ» ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል። ዋሽንግተን ውስጥ አገኛታለሁ ብዬ ግን አልጠበቅሁም።

አሰልጣኞቹም የሚሉት አላቸው፣ ልደብቀው አልፈልግም። አንዱ መኪናዬ ውስጥ በንዴት ሲያወራ ሰምቻለሁ። አንዱ መርማሪ ያሳለፈውን ፈረስ ሌላው ይጥለዋል፣ ይግባኝ የምንልበት ጊዜ የለም፣ ስማችን በአንድ ማታ ይጠፋል ይላል። ልክ ነው፣ ያናድዳል። በጣት ብቻ የሚፈረድ ፍርድ አያስተማምንም። መልሱ ግን እጃችሁ ላይ ነው። በጥጥ ጠርጋችሁ ላቦራቶሪ የምትልኩት ናሙና አለ፤ ራጅ አለ፤ ሙቀት የሚያሳይ ካሜራ አለ። ውጤቱ በጽሑፍ ይሰጠው፣ ይግባኙም በቀናት ውስጥ ይታይለት። ንጹሑ አሰልጣኝ ከዚህ የሚያጣው ነገር አይታየኝም።

«ባህላችን ይጠፋል» የሚለውን ግን አልቀበልም። የማን ባህል? ብላክ አለን ሲሰግር ታኮ አልነበረውም። ስትሮሊንግ ጂም ከእርሻ መጥቶ ነው ያሸነፈው። ባህል የምትሉት ዕድሜው ከሚድናይት ሰን ዋንጫ ያንሳል። ዛሬም ያለ ታኮ፣ በተራ ጫማ የሚወዳደሩ የዚሁ ዘር ፈረሶች አሉ። ሲሄዱ አያቴን ያስታውሱኛል።

እኛም ቅዱሳን አይደለንም፣ ይታወቅ። ጀርባው የተላጠ የጋሪ ፈረስ ያላየ ኢትዮጵያዊ የለም። አሳፋሪ ነው። ባለጋሪው ግን ማታ ልጆቹ የሚበሉት ከዚያች ጋሪ ነው። እዚህ የሚቃጠለው እግር ለሪባን ነው።

የምጠይቃችሁ ብዙ አይደለም። ከኢንዱስትሪው ጋር ጥቅም የሌላቸውን መርማሪዎች የሚመለከተውን ክፍል ያለ ተጨማሪ ቀጠሮ ሥራ ላይ አውሉት። የታኮውንና የሰንሰለቱን እገዳ ፍርድ ቤቱ የጠየቀውን ማስረጃ አሟልታችሁ እንደገና ጻፉት፤ ዛሬ የሚፈቀደው ስድስት አውንስ፣ ማለትም 170 ግራም ገደማ የሆነ ሰንሰለት በቆሰለ ቆዳ ላይ ምን እንደሚያደርግ ከናንተ በላይ መረጃ ያለው የለም። የላቦራቶሪ ውጤቶቹን ለሕዝብ ግልጽ አድርጉ። ሴኔቱንም ሕጉ ቀዳዳ አለው፣ ያለናንተ መድፈን አንችልም ብላችሁ በግልጽ ንገሩት።

የሼልቢቪሉ ትልቅ ትርዒት በየዓመቱ በኦገስት መጨረሻ ነው። ከኔ ቤት አንድ ሰዓት ይፈጃል። መርማሪ ልካችሁ መኪና ካጠራችሁ አደርሰዋለሁ፣ ሂሳብም አልጠይቅም። መንገዳችን ላይ ዋርትሬስ ጎራ ብለን የስትሮሊንግ ጂምን መቃብር አሳየዋለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የናሽቪል ሾፌር