የሰፈሩ አዳራሽ ከመሸጡ በፊት

ሰላም አዘጋጅ፣ የበርሚንግሃም (እንግሊዝ) ካውንስል፣ ማለትም የከተማው አስተዳደር፣ ዕዳውን ለመሸፈን ንብረቱን የመሸጡ ጉዳይ እዚህ የምንኖር ሀበሾችንም ይመለከታል፣ ታክሱን እኮ እኛም ነን የምንከፍለው። በ2023 ካዝናችን አይችልም ካሉ በኋላ በ2024 ካውንስል ታክስ (በየቤቱ የሚከፈለውን የአካባቢ ግብር) ወደ 10 ፐርሰንት ጨመሩ። እሺ ይሁን፣ ሴት ሠራተኞች ሳይከፈላቸው የቆየ የእኩል ደሞዝ ዕዳ አለ፣ እሱ መከፈል አለበት (ኦራክል የተባለው የካውንስሉ የሒሳብ ኮምፒውተር ሲስተም ያመጣውን ኪሳራ ግን ለምን እኛ እንሸከም?)። እኔን የሚያንገበግበኝ የንብረት ሽያጩ ነው፣ ታክስ ነገ ሊቀንስ ይችላል ባይመስለኝም፣ አዳራሽ ግን አንዴ ከተሸጠ አይመለስም፣ የላይብረሪ በጀት ሲቀነስስ ቤቱ ጠባብ የሆነበት ልጅ የት ሄዶ ያጥና? በ2011 የወጣው ሕግ 21 የሰፈር መራጮች እንኳን ተሰባስበው አንድን ህንፃ በማኅበረሰብ ንብረትነት አስመዝግቡልን ማለት ይችላሉ ይላል፣ ከዚያ ህንፃው ሊሸጥ ሲል ማኅበረሰቡ እንዲገዛው ገንዘብ ማሰባሰቢያ ጊዜ ይገኛል። ዕድርና ማኅበር ያላችሁ፣ የማስመዝገቢያ ፎርሙን አሁኑኑ ሙሉ።