ከርነል የሚገነቡ ተማሪዎች ከየትኛው ማዋቀሪያ ይነሱ?

ለተከበሩ የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፣

የኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪዎች የሊኑክስን ከርነል (ሃርድዌሩንና ፕሮግራሞችን የሚያገናኘውን የኦፐሬቲንግ ሲስተሙን እምብርት) ከምንጭ ኮዱ ራሳቸው መገንባት መጀመራቸው እሰየው የሚያሰኝ ነው። ሆኖም ብዙዎቹ ገና ከየትኛው የማዋቀሪያ ፋይል (የከርነሉ ምርጫዎች ከተመዘገቡበት ፋይል) እንደሚነሱ ሲመርጡ ስለሚሰናከሉ፣ በዚህ ላይ ያለኝን አስተያየት እንድታትሙልኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ከርነሉ ከ10,000 በላይ አማራጮች አሉት፤ ብዙዎቹም በከርነሉ ውስጥ ይካተቱ፣ በሞጁልነት (ሲያስፈልግ ብቻ በሚጫን ቁራጭ መልክ) ተለይተው ይቀመጡ ወይስ ይቅሩ የሚል ውሳኔ ይፈልጋሉ። ይህን ሁሉ አንብቦ የሚወስን ጀማሪ ስለማይገኝ በርካታ መመሪያዎች «ሜክ ዴፍኮንፊግ» በሚለው ትእዛዝ እንዲጀመር ይመክራሉ። እኔ በዚህ አልስማማም። ትእዛዙ የሚያወጣው አልሚዎቹ ለአንድ የፕሮሰሰር ዓይነት ያዘጋጁትን ጠቅላላ መነሻ ነው እንጂ ተማሪው የያዘውን ላፕቶፕ አያውቀውም። ዲስኩ የተዘጋጀበት ፋይል ሲስተም (የፋይሎች አቀማመጥ ሥርዓት) ሳይካተት ከቀረ ኮምፒውተሩ መነሳት ያቅተዋል፤ ተማሪውም ጥፋቱ የኮዱ ይሁን የማዋቀሪያው ለይቶ ማወቅ ይቸግረዋል።

አስተማማኙ መነሻ ያንኑ ማሽን አሁን እያሠራው ያለው ማዋቀሪያ ነው። ኡቡንቱ፣ ዴቢያንና ፌዶራ የተባሉት የሊኑክስ ስርጭቶች ይህን ፋይል «ቡት» በተባለው ማውጫ ውስጥ ያስቀምጡታል። ወደ ምንጭ ኮዱ ማውጫ «.ኮንፊግ» በሚል ስም ገልብጦ «ሜክ ኦልድዴፍኮንፊግ» ማለት ነባሮቹን ምርጫዎች ጠብቆ፣ አዲሶቹን አማራጮች በነባሪ (አስቀድሞ በተወሰነላቸው) ዋጋቸው ይሞላል። የኡቡንቱና የዴቢያን ተጠቃሚዎች ግን አንድ ነገር ልብ ይበሉ፦ ማዋቀሪያው በምንጭ ኮዱ ውስጥ የሌለ የፊርማ ሰርተፍኬት ፋይል ሊጠቅስ ስለሚችል፣ የታመኑ ቁልፎችን የሚመለከተው መስመር ባዶ ካልተደረገ ግንባታው መሃል ላይ ይቋረጣል።

እርግጥ ነው፣ ይህ መንገድ ማሽኑ የማይፈልጋቸውን በሺህ የሚቆጠሩ ሞጁሎች ስለሚገነባ በአሮጌ ላፕቶፕ ላይ ሰዓታት ይፈጃል። ለዚህ መድኃኒቱ በዚያች ቅጽበት የተጫኑትን ሞጁሎች ብቻ አስቀርቶ ሌላውን የሚያወጣው «ሜክ ሎካልሞድኮንፊግ» ነው። ነገር ግን ያልተሰካ የዩኤስቢ መሣሪያ ድራይቨር (መሣሪያውን የሚያሠራው ኮድ) አብሮ ሊወጣ ስለሚችል፣ ተማሪው የሚጠቀምባቸውን መሣሪያዎች ሁሉ አስቀድሞ ይሰካ። በእኔ እምነት ቅነሳው መምጣት ያለበት ሙሉው ከርነል አንድ ጊዜ ተገንብቶ በትክክል ከተነሳ በኋላ ነው፤ እስከዚያው ነባሩ ከርነል ከማስነሻው ዝርዝር መጥፋት የለበትም።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣
የኦፐሬቲንግ ሲስተም መምህር፣ አዲስ አበባ